የገብረማርያም ቢላዋ

«ሥጋ ደግሞ ሃይማኖት አለው እንዴ?» አለች አፀደ።

ድምፁ የመጣው ከመኝታ ቤት ነው። በዚያ ቤት ኤሲ ያለው መኝታ ቤቱ ብቻ ስለሆነ ባልና ሚስት ከቀትር በኋላ በሩን ዘግተው አልጋ ላይ ይውላሉ፤ ምክሩም፣ ሐሜቱም፣ ኩርፊያውም የሚካሄደው በብርድ ነው። የምስራች ግቢው ውስጥ፣ ከመስኮታቸው ሥር ነበረች። ኤሲው የሚያንጠባጥበውን ውሃ የሚያጠራቅመውን ባልዲ ልታነሳ ጎንበስ ብላ ነበር። ካርቲየ 7 ቢስ በሚባለው የጅቡቲ ሰፈር ቧንቧ በየቀኑ ስለማይመጣ አፀደ የኤሲዋን ላብ እንኳ አታስደፋም፤ ወለል ይታጠብበታል።

«ቀስ ብለሽ ተናገሪ» አለ ባሏ ከበበው።

«ማን ይሰማኛል? ፍሪዘር ውስጥ ያለውን፣ ገብረማርያም ያረደውን ሽንጥ አውጥታ ትጥበስለት። ሐጂ በምን ያውቃል? ለፋሲካ ሰሞን የበላውስ መቼ አንቆ ገደለው? ሁለት ጊዜ አይደል እንዴ ያስጨመረው!»

ከዚያ ሳቁ። የጎላ ሳቅ አልነበረም፤ ሰው በልቶ ሲጠግብ በአፍንጫው የሚያወጣት ዓይነት አጭር ሳቅ ናት። የምስራች ባልዲውን እንዳንጠለጠለች ቆማ ቀረች። ውሃው እየፈሰሰ እግሯን ሲያርሳት እንኳ አላወቀችም። ወሬ መስማት በዚያ ቤት አዲስ ነገር አልነበረም፤ አፀደ የማታማው ጎረቤት የለም። ይሄኛው ግን እንደ ሌላው ሐሜት በአንድ ጆሮ ገብቶ በሌላው አልወጣም።

ከበበው ዶራሌ ወደብ የኢትዮጵያ ነጋዴዎችን ዕቃ የሚያስወጣ ትራንዚተር ነው። ሐጂ ሙሐዲን ደግሞ ድሬዳዋ ተወልዶ ጅቡቲ የከበረ፣ ስኳርና ዘይት በመርከብ የሚያስመጣ ሰው ነው። ከበበው የሐጂን ኮንቴይነሮች ወደ እጁ ለማስገባት ደጅ ሲጠና ከርሟል፤ ደጅ የሚጠናውም በአብዛኛው በራት ነው። የምስራች የከበበው የአክስቱ ልጅ ልጅ ስትሆን ጋሼ ትለዋለች። ግንቦት ላይ ከወሎዋ ሐርቡ መጥታ እሱ ቤት ካረፈች ወዲህ ታጥባለች፣ ታበስላለች፣ ትተኩሳለች። ደሞዝ የለም፤ «ቤተሰብ» ናታ! ዘመድ በነፃ ሊያሠራ ሲፈልግ ቤተሰብ ነሽ ይላል፤ ራት ሲቀርብ ግን ወንበር ይጎድላል። እሷም አልተከራከረችም። ዓይኗ ዱባይ ላይ ነበር።

ዱባይ ደግሞ በሐጂ እጅ ናት። እህቱ ጀዋሪያ እዚያ ትኖራለች፤ ቤቷ እንግዳ ስለማይጠፋው ሥጋ አሳምራ የምትሠራ ሴት ፈልጋለች። ሐጂ ሙሐዲን የፈረንጅ ስቴክ ለምዶ አገር ቤት ጥብስ እምብዛም የማያምረው ሰው ነውና ፈተናውን ራሱ መረጠ። «ሐሙስ ማታ እመጣለሁ። ልጅቷ ስቴክ ትጥበስልኝ። እጇን ቀምሼ ከወደድኩት ፓስፖርቷን ይዤ እሄዳለሁ» አለ። ይህ ለየምስራች ቪዛና አውሮፕላን ማለት ነው። ሐጂ ካልወሰዳት የሚቀራት ከሐርቡ አብረዋት የወጡት ሁለት ልጆች የያዙት መንገድ ነው። እነሱ ከከተማው ዳር ሃያብለ፣ የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ከሌሎች ጋር ተፋፍገው ተኝተው ደላላው ወደ ኦቦክ እስኪወስዳቸው ይጠብቃሉ። ከኦቦክ ጀልባ፣ ከጀልባው የመን፤ ከደረሱ ነው እንግዲህ። እሷ ዋና አትችልም፤ ባሕሩን ከሩቅ ስታየው እንኳ ፊቷን ታዞራለች።

የዚያን ሐሙስ ጠዋት ሁሉም ነገር ደህና ነበር። ፀሐይዋ ሳትከር ወደ ጅብሪል ሉካንዳ ሄደች። ጅብሪል ሶማሌ ነው፤ ለአበሻ ደንበኞቹ የሚበቃ አማርኛ አለው። ለማን እንደሆነ ስትነግረው ዝንብ የወረረውን የተሰቀለውን ትቶ ከውስጥ ቀይ ሽንጥ አወጣላትና በሁለት ጣት ውፍረት ቆርጦ ሰጣት። ዋጋው ያስደነግጣል፤ ሐርቡ ቢሆን በዚያ ብር ደህና በግ ተጎትቶ ይመጣል። ስቴክ የተማረችው እንደመጣች ሰሞን ወደብ አጠገብ አንድ ምግብ ቤት ዕቃ ስታጥብ ነው። የመናዊው አብሳይ «ሥጋ ውሃ ካየ አይጠበስም፣ ይቀቀላል» እያለ ሲሠራ ታየው ነበር። ስለዚህ ሥጋውን አላጠበችም። በንጹሕ ጨርቅ አደራርቃ፣ ጨው ነስንሳ፣ ላዩ እንዲደርቅ ሳትከድነው ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጠችና ባጌት ዳቦና ሰላጣ ልትገዛ ወጣች።

ስትመለስ አፀደ ኩሽና ውስጥ በላብ ተዘፍቃ ቢላዋ ይዛ ቆማለች። «ላግዝሽ ብዬ እኮ ነው» አለች፣ ውለታ እንደዋለ ሰው ፈገግ ብላ። ፍሪጁን ስትከፍት ሰሐኑ ላይ ደም አየችና አስጠላት፤ ሥጋውን በሎሚና በጨው አሽታ፣ ውሃው እስኪጠራ ድረስ አጥባ፣ እንደ አገሯ ወግ ለጥብስ አድቅቃ ከትፋ ጨርሳዋለች። የቅርጫ ቀን ጥሬውን በአዋዜ እየነከረች ስትጎርስ አገጯን የማትጠርገው አፀደ፣ ዛሬ ፍሪጅ ውስጥ ያለ ደም አስጠላት! የሰው መጸየፊያው ብዙ ጊዜ ቦታውን ይስታል። የምስራች ግን ክፉ አልተናገረችም። የአበሻ ሴት ሥጋ ሳታጥብና ሳትከትፍ እንዴት ታልፋለች? ስህተት ነው፤ ስህተት ይታረማል ብላ የያዘችውን ባጌት ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ይህ የሆነው መኝታ ቤት ውስጥ የተባለውን ከመስማቷ በፊት ነው።

ባልዲውን አስቀምጣ ሳትጨርስ ከበበው በቁምጣና በካናቴራ ወጣ። በፌስታል የተጠቀለለ፣ እንደ ድንጋይ የደረቀ ነገር ይዟል። ኩሽናው ጠረጴዛ ላይ ሲያኖረው ጓ አለ።

«ይኸውልሽ። ይሄም ሽንጥ ነው፤ እስከ ማታ በረዶው ይለቅልሻል።»

«ጋሼ፣ ይሄ የቅርጫው አይደለም እንዴ?»

«ሥጋ ነው።»

«ሐጂ እኮ የኛን አይበሉም።»

«ማን ይነግረዋል? አንቺ ልትነግሪው ነው?»

የምስራች ጠረጴዛውን በጨርቅ መወልወል ጀመረች፤ ንጹሕ ነበር። «የጅብሪል ሥጋ ተከትፎም ሥጋ ነው፤ ጥብስ ብናደርግላቸውስ?»

«ጥብስ ቤቱ አለለት። ሰውዬው ስቴክ ብሏል፣ ስቴክ ይበላል።»

«ካልሆነ ሱፐርማርኬት ልሂድና…»

«የሱፐርማርኬቱን ዋጋ አይተሽዋል? ጠዋት የረጨሁት አይበቃኝም?» አለና ወዲያው ድምፁን አለዘበ፤ እጁን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገ። እጁ ከፌስታሉ የተነሳ ቀዝቃዛና እርጥብ ነበር። «የምስራች፣ ለኔ ብዬ እንዳይመስልሽ። ላንቺው ነው። ዱባይን አስቢ እንጂ። ዝም አይነቅዝም ሲባል አልሰማሽም?»

ሰምታለች። አባቶች ይህን የተናገሩት ምላሱ ለሚያሳክከው ሰው ነው፤ በዘመዱ ልጅ እጅ የሰው ሃይማኖት ለሚያጎድፍ ትራንዚተር አይመስለኝም። እሱ ግን ተረቱን ጣል አድርጎ፣ ነገሩ አለቀ ብሎ፣ እጁን ካናቴራው ላይ ጠርጎ ወደ ኤሲው ገባ።

እሷም ነጠላዋን ተከናንባ ወጣች። ራሷ ከኪሷ ገዝታ ብትመጣ ማን ከልካይ አላት? ከሐርቡ ስትነሳ እህቷ የሰጠቻት ትንሽ ገንዘብ ከጡት መያዣዋ ሥር ነበር። ከተማው ግን ሞቷል። ከቀትር በኋላ ጅቡቲ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር ኸምሲን የሚሉት ነፋስ ብቻ ነው፤ እሱም አሸዋና የፌስታል ቁራጭ እየነዳ ፊት ላይ ይለጥፋል። የቦይው ሽታ ከአስፋልቱ ግለት ጋር ተቀላቅሎ ጉሮሮ ውስጥ ይገባል። ከዶራሌ መንገድ የከባድ መኪና ጡሩምባ ከሩቅ ይሰማል። የጅብሪል ሉካንዳ በር ገርበብ ብሎ፣ እሱ ምንጣፍ ላይ ጋደም ብሎ፣ አንድ ጉንጩ በጫት ተወጥሮ አገኘችው። ኋላው ያለው መንጠቆ ሁሉ ባዶ ነው።

«ሥጋ? አሁን?» አለ ጅብሪል እየሳቀ፤ አረንጓዴው ጥርሱ ላይ ይታያል። «ወላሂ አልቋል። ሐሙስ እኮ ነው እህቴ። ነገም ጁምዓ ነው። ቅዳሜ ነይ።» ከዚያ ፊቷን አየና አዘነላት መሰለኝ፣ «ጠዋት የሰጠሁሽስ? ጥሩ ነበር እኮ» አለ። ጥሩ ነበር ብላው ተመለሰች። ሱፐርማርኬቱ የሚከፈተው ምሽት ላይ ነው፤ ያኔ ሐጂ ማዕድ ላይ ይሆናል። ቀድማ ብትደርስ እንኳ የያዘችው ገንዘብ ለዚያ ቤት ሥጋ አይበቃም፤ አንድ ጊዜ በመስታወት አይታዋለች።

ኩሽናው እንደ ምድጃ ግሏል። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ መስኮቱ እንደ መሐረብ። ፌስታሉን ስትፈታው ሥጋው ዳር ዳሩን ለቅቆ ሐምራዊ ውሃ እያወጣ ነበር። ገብረማርያም የወደብ ዘበኛ ነው፤ ለሰኔ ጾም ፍቺ አበሾቹ ተዋጥተው በሬ ሲገዙ «በስመ አብ» ብሎ ያረደው እሱ ነው፤ ቅርጫ በሆነ ቁጥር ቢላዋውን ስሎ የሚመጣው እሱ ነው። ለክርስቲያን ምንም ነውር የሌለው ሥጋ ነበር። ግን ከዚያ ወዲህ መብራት ስንት ጊዜ ሄዶ ስንት ጊዜ መጥቷል። ሥጋው ቀልጦ፣ ረግቶ፣ እንደገና ቀልጦ ዳሩ አመድ መስሏል፤ ስብ ስቡ ደግሞ የከረመ የፍሪዘር ጠረን ይዟል። አፀደ ፍልሰታ ሳይገባ ፍሪዘሩ ባዶ መሆን አለበት ስትል ሰንብታ ነበር። ለካ ባዶ ማድረጊያው ሐጂ ኖሯል። የምስራች ሰሐኑን ራቅ አድርጋ አስቀመጠችና በሩ ላይ ሄዳ ተፋች።

ሐርቡ ክርስቲያን ልጁን ሲድር ሙስሊም ጎረቤቱን ይጠራል፤ ሙስሊሙም ሲድር ክርስቲያኑን። ለእንግዳው የሚሆነውን የሚያርደው ግን የእንግዳው ወገን ነው፤ በራሱ ቢላዋ፣ በራሱ ጸሎት። ድስቱም ጭልፋውም ለብቻ ነው። እህቷ የተዳረች ቀን አንዷ ወጥ አውጪ ቸኩላ የክርስቲያኖቹን ጭልፋ የሙስሊሞቹ ድስት ውስጥ ነከረችው። ከአባቷ በቀር ያየ አልነበረም። አባቷ ለሙስሊሞቹ የታረደችውን ፍየል ያገኛት በመከራ ነው፤ ግን አንድ ቃል ሳይናገር ድስቱን አስነስቶ ወደ ክርስቲያኖቹ ዳስ አስገባ፣ ሌላ ፍየል አስጎትቶ አምጥቶ ሼሁን እንደገና አሳረደ። እናቷ እየተቆጣች «ማን አየ?» ስትለው «እኔ አየሁ» አላት። የምስራች ያኔ ትንሽ ልጅ ነበረች፤ ያን ቃል ረስታው ነበር። አሁን፣ በዚያ ሙቀት፣ ሥጋው ውሃውን ሲያንጠባጥብ እያየች፣ ትዝ አላት።

ትዝ ማለቱ ብቻ ግን መንገድ አላሳያትም። ብትናገር ከበበው ቤት ማደሪያ የላትም፤ ዱባይም የለም። ዝም ብላ አሳምራ ብትጠብሰው ዱባይ አለ፤ ግን ሐጂ ምን እንደበላ በሆዷ ይዛ በአውሮፕላን ትሄዳለች፣ እህቱ ቤት ገብታ እህቱን ታበላለች። አንድ ሦስተኛ ነገር አሰበች፦ ታቃጥለዋለች። ከሰል ታደርገዋለች። ሐጂ ይስቃል፣ ወይም ይቆጣል፣ ሳይበላ ሰላጣና ባጌት ቀምሶ ይሄዳል። ዱባይ ይቀራል፤ ሰውየው ግን ይተርፋል፤ ማንም ማንንም አያዋርድም። ፈሪ ሰው መሐል መንገድ ያገኘ ሲመስለው ደስ ይለዋል። እሷም ትንሽ ቀለል አላት።

ሐጂ ሙሐዲን የመግሪብ ሶላቱን ሰግዶ መጣ። ወፍራም፣ ነጭ ሽርጥና ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ሽማግሌ ነው፤ ክንዱ ሥር ትልቅ ሐብሐብ ታቅፏል። ሐብሐቡን ለአፀደ ሳይሰጥ ቀጥ ብሎ ወደ ኩሽና መጣ።

«የምስራች የምትባዪው አንቺ ነሽ? አቦ ምንድነው እንዲህ መቅጠን! ሥጋ የምትሠራ ሴት እንዲህ ትሆናለች?» አለ። የድሬ ልጅ ቃል አያለሳልስም፤ ከሽማግሌው አፍ ሲወጣ ግን ቁጣ የለበትም። «ስሚኝ፤ ደም እንዳታሳዪኝ፣ ጫማም እንዳታደርጊብኝ። ከጅብሪል ነው አይደል?»

«ከጅብሪል!» አለ ከበበው ከኋላው። «ዛሬ ጠዋት፣ ለእርስዎ ብሎ መርጦ የሰጣት ነው። ይጠይቋት።»

ሐጂ መልሶ አልጠየቃትም። ምን ብሎ ይጠይቅ? የሰው ቤት ራት ተጠርቶ የመጣ ሰው ባለቤቱን እየመረመረ አይበላም። ሐብሐቡን ከእግሯ ሥር አኖረና ወደ ሳሎን ገባ። ከበበው ዞር ብሎ ዓይኑን ጠቀሳት። ያቺ ጥቅሻ ከሥጋው ይበልጥ አስጠላቻት። ይህ ሰው የእናቷ የአክስት ልጅ ነው፤ በአንድ አያት ቤት ያደጉ ናቸው።

ከባዱን የብረት መጥበሻ ጋዙ ላይ ጣደች። እሳቱን እስከ መጨረሻው ለቀቀችው። መጥበሻው ጭስ እስኪያወጣ ጠብቃ ዘይት ጠብ አደረገች፣ ሽንጡን ለሁለት ወፍራም ቁራጭ ከፍላ አስተኛች። የመናዊው አብሳይ የሚለውን ሁሉ በተቃራኒው አደረገች፤ እሳቱን አልቀነሰችም፣ በጊዜ አላገላበጠችም። ኩሽናው በጭስ ተሞላ፣ ዓይኗ አነባ፣ አፀደ እየሳለች በሩ ላይ መጥታ «ምን ጉድ ነው፣ አነደድሽው እኮ! አውጪው!» ብላ ጮኸች። የምስራች ሌላኛውን ጎን ገልብጣ እንደገና ቆመች። ጥቁር ሲሆን፣ ጥርት ያለ ጥቁር ሲሆን፣ አወጣችውና ሰሐን ላይ አድርጋ ራሷ ይዛ ገባች። ይህን ማንም አይበላውም ብላ ነበር።

ማዕዱ ላይ የአበባ ፕላስቲክ ተዘርግቷል። ከበበው ፓስፖርቷን ከሸሚዙ ኪስ አውጥቶ ከባጌቱ አጠገብ አስቀምጦታል፤ ሐጂ ሲወጣ እንዳይረሳ። ለእሷ ወንበር ስላልነበረ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ሐጂ የከሰለውን ሥጋ ሲያይ ቅንድቡ ከፍ አለ፤ አፀደ ይቅርታ መጠየቅ ጀመረች። እሱ ግን ቢላዋውን አንስቶ መሐል ለመሐል ቆረጠው። ሥጋው ወፍራም ነው፣ ልቡ ገና በረዶ እንደያዘ ነበር መጥበሻው ላይ የወደቀው። ላዩ ሲከስል እሳቱ ወደ ውስጥ አልደረሰም፤ ለስላሳ፣ እርጥብ፣ ሮዝ ሆኖ ተከፈተ። የስቡ ሽታ እንኳ በቃጠሎው ጠፍቷል።

«ያ ሰላም!» አለ ሐጂ ሙሐዲን። ፊቱ እንደ ሕፃን በራ። «ውጭው ከሰል፣ ውስጡ ቅቤ! እኔ እኮ ይህን የሚያውቅ ሰው ጅቡቲ ውስጥ የለም ብዬ ተስፋ ቆርጬ ነበር። ማን አስተማራት? በቃ፣ አለቀ። ጀዋሪያ በደስታ ታብዳለች።» ፓስፖርቱን በግራ እጁ ወደ ራሱ ሳብ አደረገ። ከበበው በአፍንጫው ያቺን አጭር ሳቅ ሳቀ። ሐጂ ቁራጩን በሹካ ወጋ፣ «ቢስሚላህ» አለ፣ ወደ አፉ አነሳው።

«ሐጂ፣ አይብሉት!»

ድምፁ የእሷ አልመሰላትም። ሹካው አየር ላይ ቆመ።

«ምነው? ያቃጥላል?»

«የኛ ሥጋ ነው። የጅብሪል አይደለም። ያረደው ገብረማርያም ነው።»

አፀደ ሳቀች፤ ሳቋ መሐል ላይ ተሰበረ። ከበበው «ልጅቷ ዛሬ ሙቀቱ…» ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም፤ ሐጂ አላየውም ነበርና። የሚያየው እሷን ነው። የሰው ፊት እንዲያ ሲጠወልግ አይታ አታውቅም። ሹካውን ቀስ ብሎ፣ ድምፅ እንዳያሰማ የፈራ ይመስል፣ ሰሐኑ ጠርዝ ላይ አስደገፈው። ከዚያ ወደ ከበበው ዞረ።

«ዛሬ ብቻ ነው?» አለ።

አፀደ የፕላስቲኩን ጥግ እያስተካከለች ነው። ከበበው አፉን ከፈተ፣ ዘጋ። ከመኝታ ቤት የኤሲው ጉርምርምታ ይሰማል። ሐጂ እየጠበቀ ዓይኑ ከአንዱ ወደ ሌላው ሄደ፤ እዚያ ቤት የበላቸውን ማዕዶች አንድ በአንድ እያስታወሰ እንደነበር ፊቱ ላይ ይነበባል፦ የፋሲካ ሰሞኑን፣ ሁለት ጊዜ ያስጨመረውን። «ዛሬ ብቻ ነው ወይ አልኩ፣ ከበበው» አለ እንደገና፣ በለዘበ ድምፅ፣ ልመና ሊባል በሚችል ድምፅ። ከበበው ሰሐኑን አየ። ሽማግሌው ወንበሩን ወደኋላ ገፍቶ ተነሳ፣ ወደ ግቢው ወጣ። ቧንቧው ደርቋል። ከመስኮቱ ሥር ያለውን የኤሲ ባልዲ አገኘና በእፍኙ እየጠለቀ አፉን ተጉመጠመጠ፣ ጣቱን ጉሮሮው ውስጥ ሰድዶ አጎነበሰ። የሚወጣ ነገር አልነበረም። ያን ማታ የቀመሰው የለ፤ የፋሲካው ደግሞ የራሱ ሥጋ ሆኗል። የምስራች ፎጣ ይዛ አጠገቡ ቆማ ታየው ነበር።

«አንቺ መቼ አወቅሽ?» አላት ጢሙ ውሃ እያንጠባጠበ።

«ከቀትር በኋላ።»

«ከቀትር በኋላ አውቀሽ፣ ጠብሰሽ፣ አቀረብሽልኝ?»

«ላቃጥለው ብዬ ነበር፣ ሐጂ። እንዳይበሉት ብዬ…»

«ማቃጠል ምን ይሠራል? እኔ ኩሽና ገብቼ ስጠይቅ አፍ አልነበረሽም?» ፎጣውን አልተቀበላትም፤ በሸሚዙ እጅጌ አፉን ጠረገ። በሩ ጋ ደርሶ ቆም አለ። «አንድ ጉርሻ አድነሽኛል፤ ለሱ አላህ ይስጥሽ። ለእህቴ ግን ይህን እጅ አልልክላትም።» ይህን ብሎ ወጣ። የመኪናው ድምፅ እስኪርቅ ድረስ የምስራች ፎጣውን ይዛ ቆመች። የተናገረው ሁሉ ልክ ነው።

ወደ ሳሎን ስትመለስ ስድብ ትጠብቅ ነበር። አፀደ ሶፋው ላይ ተቀምጣ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፍና ታለቅሳለች፤ የምታለቅሰው ለኮንቴይነሮቹ ነው። ከበበው ግን የሐጂ ወንበር ላይ ተቀምጧል። የሐጂን ሰሐን ወደ ራሱ ስቦ፣ የሐጂን ሹካ ይዞ፣ ሽማግሌው ሳይጎርሰው የተወውን ቁራጭ ያላምጣል። ጥቁሩን ቅርፊት በቢላዋ እየፋቀ ጥግ ላይ ያከማቻል፤ ሮዙን እየቆረጠ ይጎርሳል። ሐምራዊው ጭማቂ አገጩ ላይ ወርዷል። ጭማቂው ከሰሐኑ ዳር ተርፎ ፓስፖርቷ ላይ ጠብ ብሏል።

«ምን ታፈጪያለሽ?» አለ ቀና ሳይል። «ሥጋ አይጣልም። ያንቺን ነገር በኋላ እንነጋገራለን።» አላመጠ፣ ዋጠ፣ ምላሱን አጣጣመ። «ጨው አንሶታል። ጨው አምጪ።»

እግሯ ልማድ ሆኖበት ወደ ኩሽና ሄደ። ጨዉን አምጥታ አጠገቡ አስቀመጠችለት። ከዚያ ጎንበስ ብላ ፓስፖርቱን ከሰሐኑ ሥር አነሳች፣ በቀሚሷ ጠረገችው፣ ደረቷ ውስጥ ከተተችው። ከበበው «ወዴት? ወዴት?» ሊል ሞከረ፤ አፉ ሞልቶ ነበርና የወጣው ቃል ሳይሆን ጭማቂ ነው። አልዞረችም። ልብሷን በፌስታል አንጠልጥላ ወጣች።

የሐርቡ ልጆች ደላላውን ወደሚጠብቁበት ወደ ሃያብለ የሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ከአንዲት አሮጊት አጠገብ ተቀመጠች። አሮጊቷ ትንሽ ቆይታ በመሐረቧ አፍንጫዋን ሸፈነች። የምስራች እጇን ወደ ፊቷ ጠጋ አድርጋ አሸተተች፤ ሥጋ ሥጋ ይላል። ቀሚሷ ላይ ፈተገችው፣ ነጠላዋ ላይ ፈተገችው፣ እንደገና አሸተተችው። ያው ነው። ነገ ወይ ከነገ ወዲያ ባሕር ውስጥ ታጥበዋለች።